በልጃችሁ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ለጎልማሶች የንባብ ትምህርት በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተጻፈ

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ይህን ንግግር ዛሬ በጆሯችሁ ስሙት። በኋላ በጽሑፍ ሲደርሳችሁ ደግሞ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። አንድ ቃል ቢያስቸግራችሁ አትለፉት፤ ጎረቤት ጠይቁ።

እኔ ጨንቻ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሙያውን የተማርኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ነው። የማስተምረው ትንንሾቹን ልጆች ነው። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን እስከ ግቢው በር ያደርሱና ይመለሳሉ። ግቡ ስንላቸው፣ "እኔ ራሴ ገና ፊደል ቆጣሪ ነኝ። ልጄን በምን ልረዳው?" ይላሉ።

መልሱ አጭር ነው። በብዙ ነገር ትረዱታላችሁ። እኔ የማስተምርበት ዕቃ አብዛኛው ከእናንተ ቤት የመጣ ነው። ባቄላው የእናንተ ነው። ቀርከሃው፣ ቃጫው፣ ፈትሉ የእናንተ ነው። ከዕቃው ጋር ያለው ዕውቀትም የእናንተ ነው። እንዴት እንደ ሆነ አንድ በአንድ እንመልከት።

የጠዋቱ ሥራ

ጨንቻ ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወደ 37 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ብንወርድ አርባ ምንጭ ነው። እዚያ ሰው ጥላ ሲፈልግ እኛ ጋቢ እንደርባለን። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መንደሩን ይሸፍነዋል። ልጆቹ በዚያ ጉም ውስጥ፣ እግራቸው በጤዛ እየራሰ ይመጣሉ።

እጁ የቀዘቀዘ ልጅ እርሳስ አይጨብጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ በሉ አልላቸውም። ቆመን እያጨበጨብን እንቆጥራለን። አንድ ጊዜ በጋሞኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ። እጁ ይሞቃል፤ ቁጥሩም በዚያው ይጠናል።

ከዚያ የስም ካርድ ይመጣል። ካርዱ ከአሮጌ ካርቶን የተቆረጠ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ልጅ ስም ተጽፏል። ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይጠብቃሉ። ልጁ የራሱን ስም ፈልጎ ያነሣል። አንሥቶም ግድግዳው ላይ በተወጠረው የቃጫ ገመድ ላይ ይሰቅለዋል።

ይህ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ትምህርት አለበት። አንደኛ፣ ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ የገዛ ስሙን ማንበብ ይለምዳል። ስሙን ያወቀ ልጅ በስሙ ውስጥ ያሉትን ፊደሎች በሌላ ቃል ውስጥ ሲያገኝ፣ "ይቺ የኔ ናት!" ይላል። ሁለተኛ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ካርድ ያልመጣውን ልጅ ይነግረናል። "52 ካርድ ነበረ። 48ቱ ተሰቀለ። ስንት ቀረ?" ብዬ እጠይቃለሁ። "4 ቲቸር!" ይላሉ። "እነማን ናቸው?" ስል ስማቸውን ያነባሉ። መቀነስንም ማንበብንም በአንድ ጊዜ ተማሩ ማለት ነው።

እናንተም ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። በከሰል፣ በአንድ ጣውላ ላይ የልጁን ስም ጻፉ። ከሥሩ የእናቱን፣ ከዚያም የአባቱን ስም ጻፉ። ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ጣውላ ላይ ይነበባል።

የባቄላና የቀርከሃ ሒሳብ

ቁጥር በአየር ላይ አይያዝም። ልጅ ቁጥርን መጀመሪያ በእጁ መዳሰስ አለበት። ስለዚህ በክፍላችን የሒሳብ ዕቃ ሁለት ነው፤ ባቄላና የቀርከሃ እንጨት። ባቄላው ከ1 እስከ 10 ለመቁጠር ነው። የቀርከሃው እንጨት ከ10 በላይ ላለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ቀጫጭን የቀርከሃ እንጨት ይቆጥራሉ። 10 ሲሞላ በቃጫ ያስሩታል። የታሰረው "አንድ አሥር" ይባላል። 23 ማለት እንግዲህ ሁለት እስርና ሦስት ልቅ እንጨት ነው። ልጁ 2 እና 3 ለምን ጎን ለጎን እንደሚጻፉ በዓይኑ ያያል።

አሁን ከ23 ላይ 7 እንቀንስ። ልቁ እንጨት 3 ብቻ ነው። ከ3 ላይ 7 አይነሣም። ታዲያ ምን ይሻላል? ልጆቹ ራሳቸው "ፍታው! ፍታው!" ይላሉ። አንዱን እስር እንፈታለን። 10 እንጨት ከ3ቱ ጋር ሲቀላቀል 13 ሆነ። ከ13 ላይ 7 ስናነሣ 6 ቀረ። ያልተፈታ አንድ እስር አለ። መልሱ 16 ነው። መጽሐፉ "መበደር" የሚለው ይኸንኑ ነው። እንጨቱን የፈታ ልጅ ግን ምን እንደ ተበደረ ያውቃል።

እናቶች ይህን ሒሳብ በየገበያው ትሠሩታላችሁ። 35 ብር የሚያወጣ ዕቃ ሸጣችሁ 50 ብር ቢሰጣችሁ 15 ብር ትመልሳላችሁ። ይህ መቀነስ ነው። ልጃችሁ ከጎናችሁ ቢኖር መልሱን እሱ ይቁጠር። ቢሳሳት አትንጠቁት፤ እንደገና ይቁጠር።

ግማሽና ሩብ የሚባለውንም ከቤት ባለው እናስተምራለን። አገራችን የታወቀችበት አፕል አለ። አንዱን አፕል ለሁለት ብንቆርጠው እያንዳንዱ ግማሽ ነው። ግማሹን ደግሞ ለሁለት ብንቆርጠው ሩብ ሆነ። አራት ሩብ አንድ ሙሉ አፕል ነው። አፕል በማይገኝበት ወቅት የቆጮ ቂጣ ይሠራል። ለአራት ልጆች ቂጣ የምታካፍል እናት የሒሳብ መምህርት ናት።

ሸማኔው ሲያስተምር

የጋሞ ደጋ የሸማኔ አገር ነው። የዶርዜን ጥበብ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እናቶች ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትላሉ። አባቶች ድሩን ዘርግተው ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፉ ይሸምናሉ። እኛም አንዳንድ ጊዜ አንድ ሸማኔ አባት ወደ ክፍል እንጋብዛለን።

ሸማኔ ጥለት ሲሠራ ይቆጥራል። ሁለት ቀይ፣ ሦስት ቢጫ፣ አንድ አረንጓዴ ይላል። መሐሉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሦስት ቢጫ፣ ሁለት ቀይ። በወረቀት ላይ ምንም አልጻፈም። ሁሉ በራሱ ውስጥ ነው። ልጆቹ ይህን በካሬ ደብተር ላይ በቀለም ይሥላሉ። ከመሐል ወዲያና ወዲህ እኩል መሆኑንም ይቆጥራሉ። የሸማ ጥለት የሒሳብ ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

መለካትንም ከሸማኔው እንማራለን። ሸማኔው በክንዱ ይለካል። እኔ አንዱን ሸማ ሸማኔው እንዲለካው እጠይቃለሁ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ በራሷ ክንድ እንድትለካው አደርጋለሁ። እሱ 6 ክንድ ሲል እሷ 9 ክንድ ትላለች። ክፍሉ ይንጫጫል። "የማን ልክ ነው?" ይላሉ። ሁለቱም በትክክል ለክተዋል። የተለያየው ክንዳቸው ነው። ሜትር የተሠራው ለዚሁ ነው። የሜትር ልክ ጨንቻም ሆነ አዲስ አበባ፣ በልጅም ሆነ በአዋቂ እጅ አንድ ነው።

በዚያ ቀን የሸማኔው ልጅ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። አባቱ በክፍሉ ፊት ቆሞ አስተምሯልና።

ሁለት ዓይነት ፊደል

አንዳንድ ወላጆች፣ "እኔ የማነበውና ልጄ የሚያነበው ፊደል የተለያየው ለምንድን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። ጋሞኛም የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። በትምህርት ቤት ጋሞኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በግዕዝ ፊደል ይሰጣል። ስለዚህ ልጃችሁ ሁለት ዓይነት ፊደል ያጠናል። ይህ ይከብደዋል ብላችሁ አትፍሩ። ልጅ መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ከለመደ ሁለተኛውን ቶሎ ይይዛል። ማንበብ ምን እንደ ሆነ አውቋልና።

የአማርኛው ፊደል ብዙ ይመስላል። 33 ፊደል ሰባት ሰባት ቤት ሲኖረው 231 ይሆናል። ሁሉን እንደ ዳዊት በቃል መድገም ግን ብቻውን አይበቃም። መልኩን ማስተዋል ይረዳል። እስቲ "በ"ን ጻፉ። "ቡ" በቀኝ በኩል፣ ወገቧ ላይ እጅ ታወጣለች። "ቢ" በቀኝ እግሯ ግርጌ ጫማ ታደርጋለች። "ቤ" እዚያው ቀኝ እግሯ ላይ ቀለበት ታስራለች። አሁን "ሰ"ን ተመልከቱ። ሱ፣ ሲ፣ ሴ። እጁ፣ ጫማውና ቀለበቱ ያው ነው። "ከ"ም እንደዚሁ ነው። ሁሉም ፊደል በዚህ ሕግ አይሄድም። "ረ" እና "ፈ" የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቢሆንም ብዙዎቹ ስለሚሄዱበት ሸክሙ ይቀላል። ልጆቹ ቀለበቷን ሲያዩ "ኤ!" ብለው ይጮኻሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ 15 ቋንቋዎች ደረሰ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊደል ቆጠረ። ኢትዮጵያም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ከተማሩት ውስጥ ማንበብ የጠፋባቸው ብዙ ናቸው። ለምን? በቤታቸው የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ነው። ያልተለማመዱት ፊደል ይጠፋል። የልጃችሁ የአማርኛ መጽሐፍ ቤታችሁ ካለ ግን ለእናንተም የንባብ መጽሐፍ ነው። ማታ አብራችሁ አንብቡት። እሱም ይለምዳል፤ የእናንተም ትምህርት አይጠፋም።

በክፍል ውስጥ ዱቡሻ

ክፍሉ ሲሞላ በአንድ ወንበር አራትና አምስት ልጅ ይቀመጣል። ልጅ ሲበዛ ጠብም ይበዛል። እርሳሴን ወሰደ፣ ገፋኝ፣ ሰደበኝ ይባላል። ታዲያ ይህን በአለንጋ እንፍታው? አለንጋ ልጅን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም።

እኛ ከአባቶች የተማርነው ሌላ መንገድ አለ። በጋሞ አገር የሚመከርበት ቦታ ዱቡሻ ይባላል። በዱቡሻ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በክፍላችንም አርብ አርብ ትንሽ ዱቡሻ አለን። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንድ ዘለላ እርጥብ ሣር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሣሩን የያዘ ይናገራል። ያልያዘ ያዳምጣል። የበደለ ካሣውን ራሱ ይናገራል፤ እርሳሱን ይመልሳል ወይም ይቅርታ ይጠይቃል።

ሣሩ ለምን እንደ ተመረጠ ልጆቹ ያውቃሉ። በጋሞ እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ሰው ሞቶ ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ተቆጥተው ወጡ። የጋሞ አባቶችም እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። አንድም ሰው በዱላ አልመለሳቸውም። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ከመስቀል በኋላ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

መስቀል በጋሞ ትልቅ በዓል ነው። በያለበት የተበተነው ዘመድ ይመጣል። ቤቱ ይሞላል፤ ቅቤው ይቀልጣል፤ የተጣላ ይታረቃል። በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲመለስ ግን በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ የማይነሡ ካርዶች ይገኛሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ሲጠየቅ፣ "አጎቱ አዲስ አበባ ወሰደው" ይባላል።

ብዙ የጋሞ ሸማኔ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ይሠራል። ሥራው የተከበረ ነው። ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ልጅም ከትምህርት ቤት መልስ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ ሙያውን ቢማር መልካም ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እግሩን የሸማ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ሲውል ነው የሚያሳዝነው። ወገቡ ይጎብጣል። ጀምሮት የነበረውን ፊደል ይረሳል።

ሕጉም ይህን ይከለክላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ያዝዛል።

የሚወስደው ሰው ብዙ ጊዜ "አስተምረዋለሁ" ይላል። ወላጅም በድህነት ተይዞ ያምናል። እዚህ ላይ ነው የእናንተ ማንበብና መጻፍ የሚያስፈልገው። በእውነት ለትምህርት የሚወስድ ዘመድ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከልጁ ትምህርት ቤት መሸኛ ይጠይቃል። ያለ መሸኛ ሌላ ትምህርት ቤት መግባት ያስቸግራልና። ሁለተኛ፣ የሚገባበትን ትምህርት ቤት ስም ይናገራል። ሦስተኛ፣ የሚኖርበትን ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የስልክ ቁጥሩን ይሰጣል። ደብተራችሁን አውጡና በፊቱ ጻፉት። "ምን ያስጽፋል? ዘመድ አይደለሁም ወይ?" ብሎ የሚቆጣ ከሆነ ልጁን አትስጡ። ወደ ቀበሌ ወይም ወደ እኛ ኑ።

እኛም አንድ ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ እቤቱ ድረስ እንሄዳለን። የቀረውን ልጅ ካርድ አልጥለውም። ገመዱ ጫፍ ላይ ይቆያል። የተመለሰ ልጅ የራሱን ስም እዚያው ሲያገኘው ይፈነድቃል። ያመለጠውንም በባቄላውና በእንጨቱ ቀስ እያልን እናስይዘዋለን። ጓደኞቹ እንዳይስቁበት አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

በቤት የምትሠሩት

አድማጮቼ፣ የነገርኳችሁን በአራት ነጥብ ላጠቃልል። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

1ኛ. ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ስንት አገኘህ?" ብቻ አትበሉ። "ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ አስተምረኝ" በሉት። ለሰው ያስተማረውን አይረሳም።

2ኛ. ማታ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ያንብብላችሁ። እናንተ የማታውቁት ፊደል ቢሆንም አዳምጡ። ሥዕሉን እያሳየ ይንገራችሁ። ሲሳሳት አትምቱት፤ "እስቲ እንደገና" በሉት።

3ኛ. በሥራችሁ ውስጥ አስቆጥሩት። ድንቹን፣ እንቁላሉን፣ ልቃቂቱን፣ ብሩን ይቁጠር።

4ኛ. በገበያ ቀንና በእርሻ ሥራ ጊዜ ልጁን ከትምህርት አታስቀሩት። የግድ ከሆነም ለመምህሩ ንገሩ። አንድ ቀን የቀረ ልጅ በማግስቱ ትምህርቱ ይሸሸዋል። ሲሸሸው ያፍራል። ሲያፍር ደግሞ ይቀራል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። መምህሩ ለብቻው ቀጭን ክር ነው። ወላጅም ለብቻው እንደዚያው ነው። ሁለቱ ሲያብሩ ግን ልጁን ከክፍሉ ማንም አይነጥቀውም።

የዚህ ሳምንት ሥራችሁ ይህ ነው። የልጃችሁን ሙሉ ስም፣ የመምህሩን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ በአንድ ጠዋት ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት ኑ። በሩ ላይ አትመለሱ፤ ግቡ። ከመጣችሁም አንድ እፍኝ ባቄላ ይዛችሁ ኑ። ለሒሳብ ትምህርት ያስፈልገናል።

ደህና ሁኑ።